ልጁ አሸዋውን ለማን ነው የሚጭነው?

መጽሐፉ ከሌሎች አሮጌ መጻሕፍት ጋር በካርቶን ታሽጎ የመጣ ነው። ሽፋኑ ላይ ቢጫ ፀሐይ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ ባልዲና ትንሽ አካፋ የያዘ የፈረንጅ ልጅ አለ። እንግሊዝኛውን እያየሁ ለልጆቹ በአማርኛ አወራላቸዋለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ልጁ አሸዋውን እየዛቀ ባልዲው ውስጥ ይጨምራል። ሰሌኑ ጫፍ ላይ የተቀመጠ የስድስት ዓመት ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ልጁ አሸዋውን ለማን ነው የሚጭነው?"

"ለማንም አይጭንም፤ እየተጫወተ ነው" አልኩት።

አላመነኝም። እኛ በይፋቷ ማጀቴ አሸዋ ከወንዝ ይዛቃል፣ መኪና ላይ ይጫናል፣ ቤት ለሚሠራ ሰው ይሸጣል። የዛቀ ሰው ሲመሽ ሒሳቡን ይቀበላል። "እና ምንም አይከፍሉትም?" ብሎ አዘነለት። መጽሐፉን ዘጋሁና የዚያን ዕለት ስለ ወንዝ ስናወራ ዋልን።

ጡረታ የወጣሁ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ክረምት ሲገባ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሦስት መደርደሪያ ባላት አንዲት ክፍል ውስጥ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ላሉ ልጆች አነባለሁ፤ ተረትም እነግራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ዕቅዴን የቀዳሁት ከውጭ መጻሕፍት ነበር። በእነሱ ዘንድ የትምህርት ቤት ዕረፍት "ሰመር" ነው፤ ፀሐይ፣ ባሕር፣ አይስክሬም። መዝገበ ቃላት ስገልጥ "በጋ" ይለኛል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ አስተማሪ ሰብስበው የሚያስተምሩትን "ሰመር" ይሉታል፤ እኔም ዲፕሎማዬን ያገኘሁት በዚያው ሰመር፣ ጃንጥላ ይዤ ጭቃ እየረገጥኩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ክረምትን የምትቆጥረው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። በጋ ብዬ ሐምሌ ላይ ብጀምር ልጆቹ ጥርን ነው የሚያስቡት።

በታርማበር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው የይፋትን ቆላ ያውቀዋል። የሚያንገበግበው ሙቀት ከዝናቡ በፊት፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ሐምሌ ሲገባ ደመናው ይደርስልናል፣ ማሾ ይዘራል፣ ማሽላው ከልጅ ቁመት ማለፍ ይጀምራል። ታዲያ ልጆቹ የሚያውቁት ዕረፍት ይኸው ነው። የእኔም ዕቅድ ከዚህ መነሳት ነበረበት፤ ያን የተረዳሁት ግን ልጁ ስለ አሸዋው ከጠየቀኝ በኋላ ነው።

ልጅ ከሚያውቀው መነሳት እንደሚገባ ከእኔ በፊት የተረዱት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ ነበር። ከየአገሩ ቋንቋ በተሞላው መደርደሪያ መሐል የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ሲያጡ፣ እኛም በልጅነታችን የሰማነውን የሞኙን የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙት። እናቱ ዛሬ የመከረችውን ነገ ባልሆነ ቦታ የሚፈጽመው ማሞ ማለት ነው። ከዚያ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ የጫነ ጋሪ በአህያ አስጎተቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲ.ኤን.ኤን. ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጣቸው። እኔን የሚያስቀናኝ ሽልማቱ ሳይሆን አህያው ነው። መጽሐፍ በአህያ ሲመጣ ለልጅ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

አዲስ አበባ አሁን አብርሆት አለላት፤ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተ ግዙፍ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ ልጆችም የራሳቸው ቦታ አላቸው። እኛ ዘንድ ግን መጀመሪያ የሚታቀደው ሰዓቱ ነው። ጠዋት ከብት ይወጣል፣ አረም አለ፣ ውኃ ይቀዳል። የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ማንም አይመጣም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይይዘናል። ስለዚህ አራት ሰዓት ተኩል እጀምራለሁ፣ ግማሽ ሰዓት እቆያለሁ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከዚያ በላይ አይቀመጥም፤ ይቀመጣል የሚላችሁ ሰው ልጅ አላሳደገም። ታናሿን አዝላ የመጣች ልጅ ከበር አትመለስም። ሕፃኑ ካለቀሰ ቆማ እያባበለች ታዳምጣለች።

ክፍሏ ክዳኗ ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ያለ ሰዓቱ ሲመታው የኔ ድምፅ ለራሴም አይሰማኝም። መጀመሪያ እጮህ ነበር፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ። አሁን መጽሐፉን ዘግቼ ዝናቡን እናስመስላለን፦ በአንድ ጣት መዳፍ መምታት፣ በሁለት፣ በአራት፣ ከዚያ ጭኑን በሁለት እጅ፣ ቀስ እያለ ደግሞ ወደ አንድ ጣት መመለስ። እስከ አምስት መቁጠር ያቃታቸው ልጆች የቆጠሩት በዚህ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ተራኪ ማግኘት ነበር። እኔ ባደግኩበት ቤት ተረት የማታ ነው፤ እራት ተበልቶ፣ እሳቱ ተዳፍኖ። አንዲት አሮጊት ጎረቤቴን "እማማ፣ ይምጡና ለልጆቹ ያውሩልኝ" ብላቸው ደነገጡ።

"በቀን ተረት? ምን ነካሽ ልጄ!"

ሁለት ሳምንት ለመንኳቸው። አንድ ቀን ሰማዩ ጥቁር ብሎ በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። "ደመናው እንዲህ ከጨለመ መሽቷል ብንል ኃጢአት የለውም" ብለው ገቡ። "ተረት ተረት" ሲሉ ክፍሉ በአንድ አፍ "የላም በረት" ብሎ መለሰ። የጅብና የአህያን ነገር ሲያወሩ ጅቡን በድምፃቸው አመጡት፤ እኔ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ እንደዚያ ጸጥ ያለ ክፍል አይቼ አላውቅም። ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሁላችን አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን የያዙን በዚያው ጥበብ ነበር፦ ልጅን ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ ድምፅ እየለወጡ። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ 24 ሲያርፉ ያለቀስነው ሽበት ያወጣን ልጆች ነን።

እማማ ከወጡ በኋላ ስለ አህያ የሚያወራ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወጣሁ። ያን ዕለት ካልሆነ መቼም አይሠራም። ማታ የሚሰማው ተረት ቀን ከሚታየው ፊደል ጋር የሚተዋወቀው እንዲህ ነው፤ ልጁ "አህያ"ን አሁን ሰምቷታል፣ ገጹ ላይ ሲያያት ይፈልጋታል። ሁለት ወር መጽሐፍ ሳይነካ የከረመ ልጅ መስከረም ላይ "ሰ"ን "በ" ብሎ እንደሚያነብብ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ከመቶ ዓመት በላይ በዕረፍት ወራት ልጆችን የሚያስነብቡትም አንዱ ምክንያት ይኸው መርሳት ነው።

ከተረቱ በፊት እንቆቅልሽ አለ። ያልመለሰ አገር ይሰጣል። እዚህ ላይ ነው ጂኦግራፊ የማስተምረው። አንዱ ከሚሴን ይሰጠኛል፣ ሌላው አጣዬን፣ ሌላው ካራቆሬን። ቤቷ ኦሮምኛ የሚነገርባት አንዲት ልጅ እንቆቅልሿን በኦሮምኛ ጠየቀችን፤ ግማሹ ልጅ ገባው፣ ግማሹ አልገባውም፣ አልገባኝም ያለው ሁሉ አገር ሰጣት። ማጀቴን ግን ማንም አይሰጥም። "ማጀቴን ስጠኝ" ብዬ አንዱን ባስጨንቀው "የኛን ቤት አውጥተሽ ከሆነ እሰጥሻለሁ" ብሎ አሳቀን።

ቡሄ የሚውልበት ሳምንት፣ ነሐሴ 13ን ይዞ፣ ጅራፍ ይዘው ይመጣሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም ማጮህ ይወዳል። ጅራፍ በር ላይ፣ ጫማም በር ላይ ብዬ ደንግጌያለሁ። ያን ሳምንት ስለ ሙልሙልና ስለ እረኛ እናወራለን፤ ማን በጎረቤቱ ሙልሙል እንደበላ እጅ አስወጥቼ ስጠይቅ ያላወጣ አላገኘሁም።

የእጅ ሥራው ወጪ የለውም። ውጭ አገር በቀለም ወረቀትና በማጣበቂያ የሚሠሩትን እኛ በጭቃ እንሠራዋለን። ክረምት ሲገባ የይፋት ልጅ ማንም ሳያስተምረው ከጭቃ በሬ ይሠራል። ችግሩ ከበሬው በኋላ መጽሐፍ የሚነካው እጅ ነው። አንድ ገጽ ላይ እስከ ዛሬ ያልወጣ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ይቀድማል፣ ጭቃ ይከተላል፣ በሩ ላይ ጆግና ሳሙና ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት በሬዎቻቸውን መስኮቱ ላይ ደርድረን አደረቅን። የአንዱ እግር ሦስት ብቻ ነው። ስለ አሸዋው የጠየቀኝ ያው ልጅ የሠራው ነው። "አራተኛውስ?" አልኩት።

"ቲቸር፣ አልታየሽም እንዴ፤ ማሳው ረግረግ ነው፣ ገብቶበት ነው" አለኝ።