ያውቁ ኖሯል? ሽሮ «ግማሽ» ሆኖ የሚደርስበት ምክንያት

★ በአርፓኔት፣ ማለትም በኢንተርኔት ቀዳሚ መረብ፣ የመጀመሪያው መልእክት የተላከው ከአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ከዩሲኤልኤ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969። የታሰበው «ሎግኢን» የሚለውን ቃል መላክ ነበር፤ ሁለት ፊደል እንደደረሰ ተቀባዩ ኮምፒውተር ቀጥ አለ። ፊደል መንገድ ላይ መቅረት የጀመረው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው።

★ የፊደል መዘበራረቅ በሙያው ሰዎች ዘንድ የሚጠራበት ስም የጃፓን ነው፦ «ሞጂባኬ»፣ ፊደል መልኩን ለወጠ እንደማለት።

★ አስኪ የተባለው እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የአሜሪካ ኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ማለትም ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጥ ሠንጠረዥ፣ 128 ቦታ ብቻ ነበረው። የእኛ ገበታ 33 በ7፣ 231 ፊደል ነው፤ ዲቃላዎቹና የግእዝ ቁጥሮች ገና ሳይቆጠሩ።

★ ከዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለምን ፊደላት በአንድ ሰሌዳ ከሚሰበስበው አሠራር፣ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የሚሠሩት የላቲኑን ቦታ ተውሰው ነበር። ለዚህ ነው የድሮውን የማኅበር ቃለ ጉባኤ ዛሬ ሲከፍቱት የላቲን ዝብርቅርቅ የሚወጣው፤ ጽሑፉ አለ፣ ፎንቱ የለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ግእዝን ኮምፒውተር ላይ ለማዋል ከደከሙት መካከል በአሜሪካ የኖሩት የእንስሳት ሐኪሙ ዶ/ር አበራ ሞላና ፍስሐ አጥላው ይጠቀሳሉ።

★ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በእትም 3.0፣ 345 ምልክቶች ይዞ ነው። «ሀ» ቁጥሯ 4608፣ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624 ነው፤ በየስምንቱ እየዘለለ ይሄዳል። ሀሁን በቃሉ የያዘ ሰው የኮዱን መንገድ አስቀድሞ ያውቀዋል።

★ ዛሬ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበትን ዩቲኤፍ-8 ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ የነደፉት እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርሲ ውስጥ ምግብ ቤት ተቀምጠው፣ ከሳህን ሥር በሚነጠፍ ወረቀት ላይ ነው። በዚህ አሠራር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት፣ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል።

★ አንድ ደንበኛ በድረ ገጽ «ሽሮ» አዘዘ እንበል። «ሽ» በሦስት ባይቶች፣ 225፣ 136፣ 189 ሆና፣ «ሮ» 225፣ 136፣ 174 ሆና ትጓዛለች። ወጥ ቤት ያለው ኮምፒውተር ቁጥሮቹን በቆየው የዊንዶውስ ላቲን ሰሌዳ ካነበባቸው 225 ጭረት ያለባት የላቲን ፊደል፣ 136 ትንሽ ቆብ፣ 189 የግማሽ ምልክት (½)፣ 174 ደግሞ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ይሆናሉ። ሽሮው ግማሽ ሆነ፤ በዚያ ላይ የንግድ ምልክት ወጣለት።

★ «ማይኤስኪውኤል» የተባለው ዳታቤዝ ካልተነገረው በቀር ለረጅም ዓመታት ጽሑፍ የሚያስቀምጠው በላቲን ሰሌዳ፣ የሚደረድረውም በስዊድን የፊደል ተራ ነበር። የተወለደው ስዊድን ነዋ!

★ እዚያው ዳታቤዝ ውስጥ «ዩቲኤፍ8» የሚለው ስም ያታልላል፤ የሚችለው እስከ 3 ባይት ነው። ስለዚህ «እንኳን አደረሳችሁ» በሰላም ይገባል፤ ከጎኑ 4 ባይት የምትፈጅ የፈገግታ ምስል ስትጨመር ግን ይሰናከላል። መድኃኒቱ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ነው።

★ ፊደል የሚያልፍባቸው ዋና ዋና በሮች ሦስት ናቸው፦ ገጹ፣ ሰርቨሩና ዳታቤዙ። ሦስቱም ዩቲኤፍ-8 ካልተባሉ አንዱ ያበላሸዋል። ገጹና ሰርቨሩ የተለያየ ነገር ከተናገሩ ብራውዘሩ የሚያምነው ሰርቨሩን ነው፤ ገጹን አስተካክለው ለውጥ ያጡ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይፈልጉ። ከፕሮግራሙ ወደ ዳታቤዙ የሚሄደው መስመርም የራሱ ቅንብር አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

★ «ም» ከብዙዎቹ ፊደላት ይልቅ ተሰባሪ ናት። ሦስተኛ ባይቷ 157 ነው፤ በዊንዶውስ ላቲን ሰሌዳ ላይ ይህ ቦታ ባዶ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ባዶውን ሲያገኝ ይጥለዋል፤ ከ«ሰላም» ላይ «ም»ን ያጡ ካሉ ምክንያቱ ይኼ ሊሆን ይችላል።

★ ኤክሴል በሲኤስቪ (CSV) የተቀመጠ የአማርኛ ስም ዝርዝር ሲከፍት ቢያዘበራርቅ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። «ዩቲኤፍ-8» መሆኑን የሚናገሩ 3 ባይቶች ከራስጌው ይጠብቃል፤ ሲያስቀምጡ «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን የሲኤስቪ አማራጭ ይምረጡ።

★ «ጸሐይ»ና «ፀሐይ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ባዕድ ለባዕድ ናቸው። ደንበኛዎን በስም ፈልገው ካጡ «የለም» ከማለትዎ በፊት በሌላኛው «ፀ» ይሞክሩ።

★ በእንግሊዝኛ አንድ የስልክ አጭር መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ከገባበት ግን 70 ብቻ።

★ በመጨረሻም ምርመራው፦ የሚታየው ባዶ ሣጥን ከሆነ የጎደለው ፎንት ነው፤ ጽሑፉ ጤነኛ ነው። ጭረትና ቆብ የበዛበት የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ በተሳሳተ ሰሌዳ ተነቧል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው ራሱ በፊደሉ ቁጥር ልክ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ፊደሉ ሞቷል፤ ከቀድሞ ቅጂ በቀር የሚያስነሣው የለም። ስለዚህ ዝብርቅርቁን ሲያዩ «አስቀምጥ» የሚለውን አይንኩ፤ በተበላሸው ላይ ደግመው ካስቀመጡ የሽሮው 6 ባይት 12 ይሆናል። በቅድሚያ ቅጂ ይያዙ፤ ጥገናው ከዚያ ይከተላል።