የብሔራዊ ሻምፒዮና ታሪክና የትምህርት ቤት ድርሻ

መግቢያ

ብሔራዊ ሻምፒዮና ሲባል ቀድሞ በኅሊና የሚታየው ዋንጫና ሜዳልያ ነው። ይሁን እንጂ ዋንጫው የረጅም ሥራ መደምደሚያ እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። የሻምፒዮና ዋና ተግባር በየአካባቢው ተሰውሮ የሚገኘውን ችሎታ በአንድ ሜዳና በአንድ ደንብ አቅርቦ ማመዛዘን ነው። በዚህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ የእግር ኳስ፣ የብስክሌትና የሩጫ ውድድር እንዴት እንዳደገና ስፖርተኞቹን ያፈሩት እነማን እንደ ነበሩ ባጭሩ ይገለጻል። ዘመኖቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሀ. ከጨዋታ ወደ ሻምፒዮና

የገና ጨዋታና የፈረስ ጉግስ ከዘመናዊው ስፖርት አስቀድሞ የነበሩ ናቸው። ነገር ግን በገና ጨዋታ የተጫዋቹ ቁጥርና የሜዳው ስፋት የሚወሰነው እንደየአገሩ ልማድ ስለ ነበር፣ የአንዱን መንደር አሸናፊ ከሌላው ጋር ማነጻጸር አይቻልም ነበር። ብሔራዊ ሻምፒዮና እንዲኖር ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። እነዚህም የተጻፈ ደንብ፣ ደንቡን የሚያስከብር ፌዴሬሽንና ተወዳዳሪ የሚያቀርብ ክለብ ናቸው።

ለ. እግር ኳስ

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የአገሪቱ የእግር ኳስ ሻምፒዮናም በ1936 ዓ.ም. ተጀመረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዋንጫውን ከወሰዱት መካከል የጦር ሠራዊቱ ቡድን መቻል፣ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ፣ የቴሌ እንዲሁም የአሥመራ ቡድኖች ይገኛሉ። ከስማቸው እንደሚታየው አብዛኞቹ ከጦር ክፍል፣ ከፋብሪካ ወይም ከመሥሪያ ቤት የወጡ ናቸው።

የዚህ ውድድር ፍሬ በጥር 1954 ዓ.ም. ታየ። ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ጨዋታ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ (ግብፅን) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአሥመራ ተወላጅ ሆኖ ለድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ይጫወት ነበር፤ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበር። በየከተማው ሲፎካከሩ የኖሩት ተጫዋቾች በአንድ ማልያ ተሰለፉ ማለት ነው። በ1990 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ሲጀመር የአገሪቱ ሻምፒዮና አዲስ መልክ ያዘ።

ሐ. ብስክሌትና ሩጫ

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ሲሆን፣ የተሰለፈችውም በብስክሌትና በአትሌቲክስ ነበር። በዚያ ከተወዳደሩት አንዱ ማሞ ወልዴ ያለ ሜዳልያ ተመለሰ፤ ነገር ግን በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የማራቶን ባለ ድል ሆነ። በመካከሉ አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ማራቶንን አሸንፏል። ሁለቱም የክብር ዘበኛ ባልደረቦች ነበሩ። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ያሸነፈው ምሩጽ ይፍጠርም የአየር ኃይል ባልደረባ ነበር።

ኢትዮጵያ በ1968፣ በ1976ና በ1981 ዓ.ም. ከተደረጉት ኦሎምፒኮች ቀርታለች። እንዲህ ባሉ ጊዜያት የስፖርተኛው የብርታት ዕድሜ በከንቱ እንዳያልፍ የሚረዳው ሳይቋረጥ የሚካሄድ የአገር ውስጥ ውድድር ነው።

መ. የመጀመሪያው ደረጃ

ከላይ የተጠቀሱት ድርጅቶች የሚቀበሉት ለአቅመ ሥራ የደረሰውን ሰው ነው። የ12 ዓመት ልጅ ወታደር ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ አይሆንም። የዚህን ልጅ ችሎታ አስቀድሞ ለማየት የሚችለው መምህሩ ነው።

ለዚህ የአርሲዋ በቆጂ ጥሩ ምሳሌ ናት። በዚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበረው ስንታየሁ እሸቱ በመጀመሪያ ካሠለጠናቸው መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኛሉ። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። የአገሩ ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው፤ ይሁን እንጂ ልጆቹን ለይቶ በየማለዳው የሚያሠለጥን መምህር ባይኖር ኖሮ ከፍታው ብቻውን ይህን ውጤት ባላስገኘም ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ሲውል፣ ወይም የትምህርት ቤት ሜዳ ለሕንፃ ሲሰጥ፣ የሚጎድለው ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የሻምፒዮናው የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ስለዚህ፦

1. መምህራን የእያንዳንዱን ተማሪ ርቀትና ሰዓት ከነቀኑ መዝግበው ቢይዙ፣
2. ሴቶች ልጆች ከወንዶች እኩል የልምምድ ጊዜ ቢሰጣቸው፣
3. የፕላን ባለሙያዎች ሜዳን እንደ መማሪያ ክፍል ቆጥረው በዕቅድ ቢያስገቡ፣
4. የትምህርት ቤቶች ውድድር ከወረዳ እስከ አገር አቀፍ ደረጃ ሳይቋረጥ ቢያያዝ፣

የነገው ሻምፒዮን በአጋጣሚ የሚገኝ ሳይሆን ታስቦበት የሚፈራ ይሆናል።