የሚሰበር ዕቃ ከየት ይመጣል?

የንዴት ክፍል የሚባለው ንግድ አሠራሩ ቀላል ነው። ደንበኛው ይከፍላል። ቱታ ይለብሳል፤ የራስ ቁር፣ የፊት መከለያና ወፍራም ጓንት ያጠልቃል። መዶሻ ወይም የብረት ዘንግ ይዞ ግድግዳው በጣውላ ወደተለበጠ ክፍል ይገባና የተቆጠረለትን ጠርሙስ፣ ሳህንና አሮጌ ፕሪንተር ደቂቃው እስኪያልቅ ያደቅቃል። እሱ ላቡን እየጠረገ ሲወጣ መጥረጊያና አካፋ የያዘ ሠራተኛ ይገባል።

በ2008 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ውስጥ ሰዎች ስኒና ሳህን ገዝተው ከኮንክሪት ጋር የሚያላትሙበት ቦታ ተከፍቶ ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካ፣ ዳላስ፣ ዶና አሌክሳንደር የተባለች ሴት በቤቷ ጋራዥ ውስጥ ለሚያውቋት ሰዎች በ5 ዶላር ዕቃ ማስሰበር ጀመረች። ወሬው ሲዛመት በ2011 «አንገር ሩም» ብላ መደበኛ ንግድ አደረገችው፤ ዋጋውም ለ5 ደቂቃ 25 ዶላር ገባ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ከአገር አገር ተዛምቷል። ዛሬ ስምና አሠራራቸውን ለሌላ ሰው በክፍያ የሚሰጡ፣ ማለትም ፍራንቻይዝ የሚሸጡ ድርጅቶችም አሉ።

እንግዲህ አንድ ትንሽ ጥሪት የቋጠረ ወጣት ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ዳገቱን ወጣና «ደብረ ታቦር ላይ ብከፍተውስ?» አለ እንበል። ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ተማሪ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ፤ ብስጭት ደግሞ በየቤቱ ሞልቷል። ሐሳቡ አያስቅም። የሚያስቸግረው ሒሳቡ ነው፤ የአሜሪካው ሒሳብ እዚህ ሲመጣ ራሱ ወደ ታች እግሩ ወደ ላይ ይሆናል።

አሜሪካ ውስጥ ውድ የሆነው የቤት ኪራይ፣ ኢንሹራንስና የሰው ጉልበት ነው። የሚሰበረው ዕቃ ግን በነጻ ሊገኝ ይችላል። ያረጀ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ዕቃውን ለማስወገድ ራሱ ከፍሎ የሚያስነሳበት ጊዜ ስላለ፣ «አምጡልኝ፣ እኔ ልውሰደው» የሚል ሰው ሲያገኝ ያመሰግናል። ደብረ ታቦር ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ ፈልጉ። ቴሌቪዥኑ ቢበላሽ ጠጋኙ ዘንድ ይሄዳል። ጠጋኙ ካቃተው ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ከዚያ የተረፈውን ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል። አሮጌ ልብስና ጫማ እንኳ ልዋጭ ተብሎ በፕላስቲክ ሳፋ ይቀየራል።

ጠርሙስማ ጭራሽ የሚነካ አይደለም። የቢራ ጠርሙስ ለፋብሪካው ተመላሽ ነው። ግሮሰሪው ሳጥኑን የሚረከበው ባዶውን መልሶ ወይም ማስያዣ ከፍሎ ነው፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ባዶው ጠርሙስ አብሮ ይቆጠራል፤ አንዱ ከጎደለ አስተናጋጇ ትጠየቃለች። የማይመለሰውም ቢሆን ሥራ አይፈታም። አረቄ ይሞላበታል፣ ዘይት ይቀዳበታል፣ ማር ይጓጓዝበታል። በዚህ አገር ባዶ ጠርሙስ ራሱ ሸቀጥ ነው። ስለዚህ ባለ ሐሳቡ የሚገዛው ቆሻሻ ሳይሆን ሌላ ገዢ ያለው ዕቃ ነው። አንድ ደንበኛ በሩብ ሰዓት 20 ጠርሙስ ያደቅቃል፣ ጠርሙሱም በ10 ብር ተገኘ ብለን እንገምት። ኪራይ ሳይነሳ፣ ደመወዝ ሳይከፈል፣ ጓንት ሳይቀየር 200 ብር መሬት ላይ ተበተነ። ለተማሪ ኪስ የሚሆን ዋጋ ሊያወጣለት ሲቀመጥ ይህች 200 ብር ከፊቱ ትቆማለች።

ስሙን ከውጭ ልግዛ ካለ ደግሞ ሌላ ወጪ ይጨመራል። የፍራንቻይዝ ውል ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍያ አለው፤ መግቢያ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሮያሊቲ በየወሩ። ሮያሊቲው የሚታሰበው ባብዛኛው ከትርፍ ላይ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ላይ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ወሩ በኪሳራ ቢያልቅም ስም ያከራየው ድርሻውን ይወስዳል። ክፍያው ደግሞ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ ቀን በፊት የዶላር ውል የፈረመ ነጋዴ አንድ ጠርሙስ ሳይጨምር ዕዳው በብር ሲታይ ወደ እጥፍ ተጠጋ።

እንዲህ ያለው ውል በአገራችን አዲስ አይደለም። በላይአብ ፉድስ የፒዛ ኸት ስምን ይዞ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከፍቷል። ነገር ግን ፒዛ ኸት የሚለውን ስም ሳይቀምሰው የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ለዚያ ዕውቅና ነው። የዳላስ ወይም የቶሮንቶ የንዴት ክፍል ስም ደብረ ታቦር ላይ ማንን ይጠራል? እኔ እንደማየው ማንንም። ቢሆንም ልፈርም የሚል ሰው አሜሪካዊውን ሻጭ አንድ ነገር ይጠይቀው። በአሜሪካ ፌዴራል ደንብ መሠረት እዚያ ፍራንቻይዝ የሚሸጥ ድርጅት ውሉ ከመፈረሙ ቢያንስ 14 ቀን በፊት 23 ክፍል ያለው የመግለጫ ሰነድ ለገዢው ይሰጣል። ክፍል 7 ላይ የመነሻ ወጪው ግምት፣ ክፍል 20 ላይ ስንት ቅርንጫፍ ተከፍቶ ስንቱ እንደተዘጋ ይገኛል። እኔ ብሆን 20ኛውን ነበር መጀመሪያ የምገልጠው። ስሙ ኢትዮጵያ ውስጥ በንግድ ምልክትነት መመዝገቡንም ማጣራት ነው፤ እዚህ ያልተመዘገበን ስም ጎረቤት ነገ በሩ ላይ ቢለጥፈው መከራከሪያው ይሳሳል።

የማይቆጠብበት ወጪ የደኅንነቱ ነው። የፊት መከለያ ሲጫር ይጣላል፣ ጓንት ሲበሳ ይቀየራል። የመስታወት ብናኝ ስለሚነሳ ክፍሉ አየር ማውጫ ይፈልጋል። ቆራሌው በርካሽ ቢያመጣቸውም የማይገቡ ዕቃዎች አሉ። ባለ ሆዱ የድሮ ቴሌቪዥን መስታወቱ እርሳስ አለበት፤ ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ የስልክ ባትሪ ሲመታ ይነዳል። ደንበኛው «በራሴ ፈቃድ ነው የገባሁት» ብሎ ይፈርም ይሆናል። ያን ሁሉ ስባሪ ሲጠርግ የሚውለው ሠራተኛ ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ነው፤ በሥራው ላይ ቢቆረጥ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። በውጭ አገር የንዴት ክፍሎች ማስታወቂያ ላይ ሰባሪው በፈገግታ መዶሻ አንስቶ ይታያል፤ የጠራጊውን ፎቶ አይቼ አላውቅም።

ቦታውም ከባድ ጥያቄ ነው። ደብረ ታቦር በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የመድፍ ድምፅ ሰምታለች፤ ከዚያም በኋላ ተኩስ እንግዳዋ አልሆነም። ከግድግዳ ጀርባ ድንገት የሚጮህ ነገር እዚህ የሕፃን ልብ ያርዳል። ስለዚህ ከመኖሪያ የራቀ፣ ግድግዳው የወፈረ ቤት ያስፈልጋል፤ ቀበሌውንና ፖሊስን ቀድሞ ማሳወቅም ለወግ ያህል የሚደረግ ነገር አይደለም። ሐሜቱን ደግሞ ማን ያስቀረዋል? «እገሌ ትናንት ከፍሎ ጠርሙስ ሲሰብር ዋለ» የሚለው ወሬ ቡና ሳይፈላ ከተማውን ይዞራል። እናቱ ብትሰማ «ልጄ፣ ምን ነካህ? ጸበል እንውሰድህ እንዴ?» ማለቷ አይቀርም።

እናቲቱ ደግሞ «መስበር ንዴት ያበርዳል» ከሚለው ማስታወቂያ ይልቅ ለምርምር የቀረበች ናት። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ ሶፊ ሼርቪክና ብራድ ቡሽማን በ2024 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ 154 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ተሳታፊዎችን አንድ ላይ መርምረዋል። ንዴትን በመደብደብና በመስበር «ማውጣት» እንደሚያበርደው የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። የሚያበርደው ሰውነትን የሚያረጋጋ ነገር ነው፤ ረጋ ያለ ትንፋሽ፣ ጥሞና፣ ጸጥታ። ሩጫ እንኳ የንዴቱን ትኩሳት የመጨመር አዝማሚያ አሳይቷል። ቡሽማን ቀደም ብሎ በ2002 ባሳተመው ሙከራ፣ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የመቱት ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ተናደው ተገኝተዋል። ከአዲስ ዘመን ከተማ ከፍ ብሎ ባለው ደን ውስጥ፣ ጣራ ገዳም የሚኖሩ መነኮሳት ይህን ለማወቅ እስከ ኦሃዮ መሄድ አላስፈለጋቸውም።

ስለዚህ በሩ ላይ «ንዴት እናበርዳለን» ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው። «ኑ እንጫወት» ቢል ግን እውነት ነው። የቡሄ ጅራፍን አስቡ፤ ልጁ የሚያጮኸው ተናዶ ሳይሆን ጩኸቱ ደስ ስለሚለው ነው። መስበርም እንዲህ ያለ ደስታ አለው። የተመረቁ ተማሪዎች፣ ልደት የሚያከብሩ ጓደኛሞች ለዚህ ይከፍሉ ይሆናል።

የምር የሚጀምረው ካለ የመጀመሪያ ጉዞውን ወደ ሸክላ ሠሪዎች ያድርግ። ሸክላ ሲተኮስ የሚሰነጠቅ አለ፤ ውኃ የማይዝ እንስራ፣ አንገቱ የተሸረፈ ጀበና ገዢ አያገኝም። ያ ዕቃ ከጠርሙስ ይረክሳል፤ ስባሪውም እንደ መስታወት አይናኝም፣ ድምፁም ይለዝባል። ገሉ ዕጣን ማጨሻ ይሆናል። የተፈጨ ገል ከአዲስ ጭቃ ጋር የሚለውሱ ሸክላ ሠሪዎችም ስላሉ፣ ማታ የተጠረገው ጠዋት ተመልሶ ሊሸጥላቸው ይችላል። ለውጭ ስም የታሰበውን ገንዘብ ለራስ ቁርና ለጠራጊው ወፍራም ጫማ ያውለው።