«በዚህ ዕድሜያቸው ቢላ አይንካቸው»

ከሸዋሮቢት እስከ ካራቆሬ አንድ አዛውንት የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኘባቸው ሲባል ቤተ ዘመድ ይሰበሰብና ፍርዱ ቶሎ ይወጣል፦ «በዚህ ዕድሜያቸው ቢላ አይንካቸው። ነቀርሳ አየር ካገኘ ይሠራጫል።» ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ደሴ የተጻፈው የሪፈር ወረቀት ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ብዙ ጊዜ አዛውንቱ ራሳቸው አይጠየቁም፤ ሕመማቸው ምን እንደሆነም አይነገራቸውም። እንዲህ የሚመክሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ምክራቸው ግን ሰው ይገድላል።

እምነቱ ከባዶ አልመጣም። ታማሚው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሆዱ ሲከፈት ዕጢው ጉበት ድረስ ዘልቆ ይገኛል፤ «ከፍተው አይተው ዘጉት» ይባላል፤ በወራት ውስጥ ያርፋል። ይህን ያየ ጎረቤት ቢላውን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ግን ካንሰሩ የተሠራጨው ከቢላው በፊት ነው። አየር ካንሰርን አያዛምትም።

ቀዶ ሐኪሞችም ተመሳሳይ ስጋት ገብቷቸው ያውቃል። ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብቶ አንጀት መቁረጥ (ላፓራስኮፒ) በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲጀመር፣ ካንሰሩ በቀዳዳዎቹ ላይ ተመልሶ በቀለ የሚሉ ሪፖርቶች ወጡ። እነሱ ግን ወሬውን ይዘው አልቀሩም፤ ፈተሹት። 872 ታማሚዎች፣ ግማሾቹ 70 ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ውጤቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታተመ፦ በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባቸው በላፓራስኮፒ 16 ከመቶ፣ በክፍቱ ቀዶ ሕክምና 18 ከመቶ። ይህ ልዩነት አይባልም። በቁስሉ ላይ የተመለሰባቸው ደግሞ በሁለቱም ወገን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም።

ታዲያ ለአዛውንት የቱ ይሻላል? ዕድሜው የገፋን ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ካንሰሩ ሳይሆን የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የልብ ድካም ነው። ረጅም ቁስል ያለበት ሰው ሕመሙን ፈርቶ በደንብ አይተነፍስም፣ አያስልም፣ ከአልጋ አይነሣም። ትንንሹ ቁስል በዚህ በኩል የሚጠቅመው ይበልጥ ሽማግሌውን ነው። በሌላ በኩል ላፓራስኮፒ ሆድን በጋዝ ይነፋል፣ ሰዓቱም ይረዝማል፤ ልቡ ወይም ሳንባው ክፉኛ የተጎዳ ሰው ላይችለው ይችላል። አንጀቱ የተዘጋበት ወይም ከዚህ ቀደም ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ብዙ ጊዜ በክፍቱ ይታከማል። ሐኪሙም ከአዛውንቱ የልደት ዘመን ይልቅ ሌላ ነገር ይጠይቃል፦ ገበያ ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ? ከስተዋል? የደም ማነስ አለባቸው? በጣም ለደከሙት፣ በተለይ ከ85 በላይ ለሆኑት፣ ማስረጃው ስስ ነው፤ ቀዶ ሕክምናውን መተው የሚሻልበት ጊዜም አለ። ያንን ግን ከምርመራ በኋላ ከአዛውንቱ ጋር ተነጋግሮ መወሰን ነው እንጂ ቡና ላይ ተቀምጦ መፍረድ አይደለም።

«በካሜራው ካልሆነ አይድኑም» ብለው ከብት ሸጠው ወደ ሕንድ ለመሄድ ወራት የሚጠብቁም አሉ። የሚያድነው ዕጢው ከነዙሪያው፣ ከነንፍፊቶቹ ተጠርጎ መውጣቱ ነው፤ ይህን ክፍቱም ያደርገዋል። ላፓራስኮፒ በአገራችን ገና በጥቂት ሆስፒታሎች የሚሠራ ነው፤ እሱን ሲጠብቁ ካንሰሩ አይጠብቅም።

«ሰገራ ላይ ደም ከታየ ኪንታሮት ነው» የሚለውስ? ሊሆን ይችላል። ከ50 ዓመት በኋላ ግን ሳይመረመሩ ኪንታሮት ነው ማለት ቁማር ነው፤ ለኪንታሮት አሥር ዓይነት ቅጠል እያፈራረቁ በሚሸጡት ሰዎች ትዕግሥት አጥቻለሁ።

«ከተቆረጡ በኋላ ዕድሜ ልክ በሆድ ቦርሳ ነው» ይባላል፤ ሰገራ ሆድ ላይ በተለጠፈ ቦርሳ ይወጣል ማለት ነው። አብዛኞቹ የትልቁ አንጀት ካንሰር ታካሚዎች ቦርሳ አያስፈልጋቸውም፤ ከሚያስፈልጋቸውም ብዙዎቹ በኋላ ይነሣላቸዋል። ቦርሳ የሚበዛው ዕጢው ፊንጢጣ አጠገብ ሲሆንና አንጀቱ ተዘግቶ በድንገተኛ ሲከፈት ነው፤ ወረቀቱ ሣጥን ውስጥ የቆየባቸው አዛውንት ብዙ ጊዜ የሚመጡት እንደዚህ ሆነው ነው።