የሌዘር ግንኙነት በጉምና በደመና ውስጥ፦ የሶዶ–ተበላ መስመር እንደ ማሳያ

በሁምቦ ወረዳ የምትገኘው ተበላ ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሁለቱን ከተሞች በሌዘር ጨረር ማገናኘት ቢታሰብ ፋይበር ለመቅበር የሚወጣውን ወጪ ማስቀረት ይቻላል። ታራ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2021 ብራዛቪልንና ኪንሻሳን በኮንጎ ወንዝ ላይ 4.8 ኪሎ ሜትር በሚረዝም የብርሃን መስመር ማገናኘቱ ሐሳቡ በተግባር ሊውል እንደሚችል አሳይቷል። ይሁን እንጂ በሶዶ አቅራቢያ ለማስተላለፊያ ጣቢያ አመቺ የሚመስለው የዳሞታ ተራራ ደመናና ጉም የሚያርፍበት ከፍታም ነው።

የጉም ጠብታዎች መጠን በአብዛኛው ከ1 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር ይደርሳል። ለግንኙነት የሚያገለግለው ሌዘር የሞገድ ርዝመት ደግሞ ብዙ ጊዜ 0.85 ወይም 1.55 ማይክሮ ሜትር ነው። መጠኖቹ ስለሚቀራረቡ ጠብታዎቹ ብርሃኑን አጥብቀው ይበትኑታል። የእይታ ርቀት ከ500 ሜትር ሲያንስ፣ በተለመደው ስሌት መሠረት፣ የሞገድ ርዝመቱን መለወጥ ለውጥ አያመጣም፤ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው መዳከም 17 ዴሲቤል በኪሎ ሜትር ለተለካው የእይታ ርቀት ተካፍሎ ይገኛል። የእይታ ርቀቱ 200 ሜትር ከሆነ መዳከሙ 85 ዴሲቤል ይሆናል። ይህም ማለት ከተላከው ኃይል ከቢሊዮን 3 እጅ ያህሉ ብቻ አንድ ኪሎ ሜትር ይሻገራል።

የዝናብ ጠብታዎች ግን ትላልቅና በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ በሰዓት 25 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ የሚያስከትለው መዳከም በኪሎ ሜትር 10 ዴሲቤል ገደማ ነው። በመሆኑም የዝናብ መጠን መዝገብ ብቻውን የሌዘር መስመርን አስተማማኝነት ሊተነብይ አይችልም።

ለችግሩ ሁለት መፍትሔዎች ተጠቃሽ ናቸው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 እጅግ አጭር የሌዘር ምቶች የሚፈጥሩት የግፊት ሞገድ ጠብታዎችን ገፍቶ በጉም ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ እንደሚከፍት በቤተ ሙከራ አሳይተዋል። ዘዴው የሚጠይቀው ኃይለኛ ሌዘር ግን ለመስክ አገልግሎት ገና አልቀለለም። ሁለተኛው መፍትሔ ሌዘርን ከሚሊ ሜትር ሞገድ ሬዲዮ ጋር ማጣመር ነው። ሬዲዮውን ጉም እምብዛም አይጎዳውም፤ የሚያዳክመው ከባድ ዝናብ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጉምና ከባድ ዝናብ በአንድ ሰዓት የሚገጥሙት አልፎ አልፎ ስለሆነ አንዱ ሲዳከም ሌላው አገልግሎቱን ያስቀጥላል።

ለሶዶ–ተበላ መስመር እንግዲህ መቅደም ያለበት ጨረሩ በሚያልፍበት ከፍታ፣ በተራራውም በቆላውም፣ የእይታ ርቀትን በየሰዓቱ መመዝገብ ነው። ጣቢያው ከደመናው በታች ይቁም ወይስ መስመሩ በአጫጭር ቅብብሎሽ ይከፈል የሚለው ውሳኔ በዚህ መዝገብ ላይ ይመሠረታል።