ከክብሪት እንጨት ያጠረ ተዋጊ

ለውድድር የሚቀባ የምናብ ተዋጊ ምስል ከእግሩ እስከ ዓይኑ ሲለካ ብዙውን ጊዜ 28 ወይም 32 ሚሊሜትር ነው፤ ክብሪት እንጨት አጠገብ ቢያቆሙት ያጥራል። በዚህች ቁመት ላይ ጥርስና ጥፍር፣ የዛገ ጥሩር፣ ጥልፍ ያለው ካባ፣ አንዳንዴም ጉንጭ ላይ ያለ ንቅሳት ይሰፍራል። ለአንድ ምስል መቶ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያጠፉ አሉ። ሥራው ከሠዓሊም ከቀለም ቀቢም ሙያ ይዋሳል።

ምስሉ ሚኒያቸር ይባላል። ስሙ ከትንሽነት የመጣ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሥሩ ሚኒየም የተባለው ቀይ የእርሳስ ቀለም ነው። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ጸሐፍት የብራና መጻሕፍትን አርእስትና መነሻ ፊደላት በዚህ ቀለም ያደምቁ ነበር። የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ የሚጻፍበትን የግዕዝ ብራና ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በብራናው ላይ የሚሳሉት ሥዕሎች ትናንሽ ስለነበሩ ቃሉ ውሎ አድሮ የትንሽ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

የዛሬው የምናብ ተዋጊ ቅድመ አያት የአውሮፓ ልጆች ይጫወቱበት የነበረው የቆርቆሮ ወታደር ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 «ሊትል ዎርስ» በሚል ርእስ በአሻንጉሊት ወታደር የሚካሄድ ጦርነት ሕግ አሳተመ። በ1974 አሜሪካ ውስጥ «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው ጨዋታ ሲወጣ ወታደሮቹ ለዘንዶ፣ ለጠንቋይና ለድንክ ተዋጊ ቦታ ለቀቁ። በ1975 ለንደን ላይ የተቋቋመውና በኋላ መቀመጫውን ኖቲንግሃም ያደረገው ጌምዝ ወርክሾፕ ደግሞ በ1983 «ዋርሃመር»ን አወጣ። ይህ ጨዋታ ሠራዊት ይጠይቃል፤ ሠራዊቱም ሳይቀባ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ተጫዋቹ ወደደም ጠላም ብሩሽ ጨበጠ። አንዳንዶቹ ጨዋታውን ትተው ብሩሹ ላይ ቀሩ። ኩባንያው በ1987 የጀመረው «ጎልደን ዲመን» የተባለው ውድድር ዋነኛ መድረካቸው ሆነ።

የመጀመሪያው ሥራ ከቀለም ጋር አይገናኝም። ምስሉ ፕላስቲክም ይሁን ብረት ወይም ሬዚን፣ በሁለት ግማሽ ቅርጽ ማውጫ መካከል ሲፈስ ግማሾቹ የሚገጥሙበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል። መስመሩ አፍንጫና ግንባር ላይ ካረፈ የጠባሳ ያህል ይታያል። ቀለም አይሸፍነውም፤ ጭራሽ ያጎላዋል። በሞረድ፣ በስለትና በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አለበት። ከዚያ ምስሉ በእጅ እንዳይነካ ቡሽ ላይ ይሰካና ቀለም የሚያስይዘው ፕራይመር ይነፋበታል። ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፤ ዳኛ መጀመሪያ የሚፈልገው ስህተት ግን እዚሁ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሙያው ዋና ምስጢር ነው። ሰው የለበሰው ካባ ሲተጣጠፍ ጥላውን ፀሐይ ትሠራለታለች። ክፍል ውስጥ የሚበራው መብራት ግን ከክብሪት ላጠረ ምስል እጅግ ግዙፍ ነው፤ ብርሃኑ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚያቅፈው ጥላው ይሳሳል። አንድ ካባ ዳር እስከ ዳር በአንድ ዓይነት ቀይ ቢቀባ ከአንድ ክንድ ርቀት የቀለም ጠብታ ይመስላል። ስለዚህ ሠዓሊው ጥላውንም ብርሃኑንም በእጁ ይሠራል። ብዙዎች ጥቁር ፕራይመር ከነፉ በኋላ ፀሐይ ካለችበት ወገን፣ ከላይ፣ ነጭ ይነፉበታል። ነጩ ያረፈበት በደማቅ፣ ጥቁር የቀረው በጥልቅ ቀለም ይሠራል። ቀሪው ሥራ ሁሉ ይህን ካርታ መከተል ነው።

የሚመረጠው አክሪሊክ ቀለም ነው፤ በውሃ ይቀጥናል፣ ቶሎም ይደርቃል። ቶሎ መድረቁ ደግሞ ጣጣ አለው፦ ጠብታው ብሩሹ ጫፍ ላይ እንዳለ ይጋግራል። መፍትሔው ቀላል ነው። የረጠበ ስፖንጅ ላይ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ይነጠፍና ቀለሙ እዚያ ላይ ይበጠበጣል፤ ለሰዓታት ሳይደርቅ ይቆያል። ከጥላ ወደ ብርሃን የሚደረገው ሽግግር የሚሠራው ውሃው ከቀለሙ በሚበልጥ ስስ ቅብ ነው። አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይደረባል፤ አንድ ትከሻ ላይ ብቻ አሥር ንብርብር ሊያርፍ ይችላል።

ብሩሹም ሰው እንደሚገምተው እጅግ ትንሹ አይደለም። ትንሽ ብሩሽ ቀለም ስለማይዝ ዓይኑ ጋ ሳይደርስ ይደርቃል። ልምድ ያላቸው ቁጥር 1 ወይም 2 ይመርጣሉ፤ ኮሊንስኪ ከተባለ የሳይቤሪያ ትንሽ አውሬ የጅራት ጠጉር የሚሠራና ጫፉ እንደ መርፌ የሚሾል። ዓይን ሲሳል ሁለቱ ክርኖች ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለቱ አንጓዎች አንዱ በሌላው ላይ ይደገፋሉ። መጀመሪያ የዓይኑ ጉድጓድ በጥቁር ቡናማ ይሞላል። በላዩ ላይ ነጣ ያለ ግራጫ ይሰመራል፤ ንጹሕ ነጭ ከሆነ ተዋጊው የደነገጠ ይመስላል። ከዚያ ብሌኑ በአንድ ነጥብ ይቀመጣል። የተረፈው በቆዳ ቀለም ከጠርዝ ጠርዝ ይታረማል። ሁለቱ ብሌኖች ወደ አንድ አቅጣጫ ካላዩ ሥራው እንደገና ከቡናማው ይጀመራል።

ብዙ ክርክር የሚያስነሳው የብረት አቀባብ ነው። ተራው መንገድ የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ያለበትን ቀለም መቀባት ነው፤ ምስሉ ሲዞር ብልጭታውም አብሮ ይዞራል። ሌላው መንገድ ምንም የሚያብረቀርቅ ነገር ሳይጨምሩ በግራጫ፣ በሰማያዊ፣ በቡናማና በነጭ ብቻ ሰይፍን ሰይፍ ማስመሰል ነው። ከላይ የሰማዩ ሰማያዊ፣ ከታች የመሬቱ ቡናማ፣ ጠርዙ ላይ ጭረት የምታህል ንጹሕ ነጭ ይገባል። ፎቶግራፍ ላይ ይህኛው ያስደንቃል። ሆኖም ብልጭታው በቀለም የተሠራ ስለሆነ ምስሉ ሲዞር አብሮ አይዞርም፤ ከጎን ሲታይ ማታለያው ይጋለጣል። ዳኞች ሁለቱንም ይቀበላሉ።

በእጅ ከተያዘ ፋኖስ የሚፈልቅ ብርሃንን መሳል ደግሞ ጀማሪን የሚጥል ፈተና ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ከፋኖሱ የሚደምቅ ምንም ነገር መኖር የለበትም፣ የቀረውም ጨለማ ውስጥ መሆን አለበት። ጀማሪ ግን ደማቁን ተዋጊ ቀብቶ ሲጨርስ በላዩ አረንጓዴ ይረጭበታል፤ ብርሃን ያለው ቀርቶ ሻጋታ የወረሰው ይመስላል።

ዳኝነቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጎልደን ዲመን ላይ የሚቀርቡት የኩባንያው የራሱ ምስሎች ብቻ ናቸው፤ ነጠላ ምስል፣ ቡድን፣ ተሽከርካሪ፣ ትልቅ አውሬ እየተባለ በየዘርፉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ይወጣል። የወርቅ ሽልማት ካገኙት መካከል የላቀው «ስሌየር ሶርድ» የተባለ ሙሉ መጠን ያለው ሰይፍ ይወስዳል። በሌሎች ትርኢቶች ተወዳዳሪው የሚመዘነው ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከተቀመጠ መለኪያ ጋር ነው፤ አሥር ሰው ወርቅ ሊያገኝ ይችላል፣ ማንም ላያገኝም ይችላል። ለሚማር ሰው ይህኛው ይሻላል፤ በጎበዝ ዘመን የተወለደ አይቀጣበትም። ገንዘብ የሚያስገኝ ውድድር ብርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ቺካጎ አቅራቢያ የተጀመረው ክሪስታል ብራሽ ለአሸናፊው 10,000 ዶላር ያቀረበው በዚህ ዓለም ያልተለመደ ሆኖ ነው።

በየትኛውም መድረክ ዳኛ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ያያል። ፊቱና መሣሪያው ከሌላው ተለይተው ካልታዩት ወደ ሥራው ለመቅረብ አይቸኩልም። ሲቀርብ የቀረ መስመር፣ የብሩሽ ፈለግ፣ ከጠርዝ ያለፈ ቀለም ይፈልጋል። እንከን የሌለው ነገር ግን የደበዘዘ ምስል፣ ጥቃቅን ስህተት ባለበት ደፋር ሥራ ይሸነፋል።

ለጠረጴዛ ጨዋታ የሚቀባ ምስል ጣት እንዳያበላሸው በወፍራም ቫርኒሽ ይሸፈናል። የውድድሩ ምስል ላይ ግን ቫርኒሽ የቀለሙን ድምቀትና ድብዘት ስለሚለውጥ ብዙዎች እጅግ አሳስተው ይነፉታል፣ ወይም ጭራሽ ይተዉታል። ቀለሙን የጣት ቅባትና ላብ ያበላሹታል። ስለዚህ ለጨዋታ ተብሎ የተሠራው ተዋጊ ሽልማቱን ይዞ መስታወት ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ጨዋታ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም።