ሺህ ጆንያ በስንት ሚዛን?

መርካቶ ጭድ ተራ ስሟን ለምሳሌ ታበድረን። 1000 የጭድ ጆንያ ተደርድሯል፤ የእያንዳንዱ ደረቅ ክብደት ይታወቃል። 50 ያህሉን ግን ዝናብ አክብዷቸዋል፤ የትኞቹን፣ በስንት ኪሎ? ነጋዴው አንድ በአንድ ቢመዝን 1000 ጊዜ መልፋቱ ነው። በዘፈቀደ እየቀላቀለ በጅምላ ቢመዝንስ?

እ.ኤ.አ. በ2010 የመረጃ ንድፈ ሐሳብ ተመራማሪዎቹ ዪሆንግ ዉ እና ሰርጂዮ ቬርዱ ለእንዲህ ያለው ቅልቅል ምዘና ወለሉን፣ ማለትም የግድ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የምዘና ብዛት፣ አሳዩ፤ መለኪያው የሬኒ የመረጃ ልኬት ይባላል። ጭማሪው ያለ ክፍተት የትኛውም መጠን ሊሆን ከቻለ፣ ክምሩ ሲበዛ ከመቶ 5 ያህል፣ እዚህ 50 አካባቢ፣ ምዘና በንድፈ ሐሳብ ይበቃል።

ጉዱ ሌላ ነው፤ እርጥቡ ሁሉ በትክክል 2 ኪሎ ቢጨምር ልኬቱ ዜሮ ይሆናል። እንከን የለሽ ሚዛን ከተገኘ፣ እሱም ከተገኘ ነው፣ የሚፈለገው ምዘና እዚህ ግባ አይባልም።

የስታቲስቲክስ ሊቁ ዴቪድ ዶኖሆና ሌሎች ያስፋፉት፣ ከቅልቅሉ ምዘና እርጥቦቹን የሚለየው የተለመደው ፈጣን ስሌት ግን ከወለሉ በላይ ያስመዝናል።